ሦስት ሽማግሌና አንድ ማሳ ጭጎጊት

ጭጎጊት የሚባለውን ፍሬ የማያውቅ አንባቢ ካለ ከወዲሁ እንኳን ደስ ያለህ ልለው እወዳለሁ። አንድ ሰው ጭጎጊትን የማያውቀው በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ዕድሜውን ሙሉ ከአስፓልት ወርዶ አያውቅም፣ ወይ ልብስ አይለብስም። ለሁለቱም ዓይነት ሰው አክብሮት አለኝ።

የእህቴ ልጅ ምናለ የባዮሎጂ መምህር ነው። እሱ እንደሚለው ያ ከገጠር ስንመለስ ካልሲያችን ላይ ተለጥፎ የምናገኘው ነገር ዘር አይደለም። ራሱን የቻለ ፍሬ ነው፤ ከትንሽዬ ሰማያዊ አበባ አራት አራት ሆኖ የሚወለድ፣ ቅርፊቱ እንደ ለውዝ የጠነከረ፣ ዙሪያውን መንጠቆ የታጠቀ። በግ ሲያልፍ የበጉን ጠጉር፣ ሰው ሲያልፍ የሰውየውን ሱሪ ይዞ አገር ይዞራል።

"አየህ ጋሼ፣ ተክሉ መሄድ ስለማይችል ፍሬውን በሰው እግር ይልከዋል" ብሎ አንድ ቀን ቤቴ ምሳ እየበላን አስረድቶኛል። እኔም የተፈጥሮን ጥበብ አድንቄ ሽሮዬን መብላቴን ቀጠልሁ። ሰው ስለ ራሱ የወደፊት ዕጣ ሲነገረው እንዲህ ነው የሚያዳምጠው፤ አፉን ሞልቶ።

እኔ ጎንደር አራዳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ለሰው ስሰፋ ኖሬ በመጨረሻ ለራሴም አንድ ሱፍ ልብስ ሰፋሁ። ጥቁር ግራጫ፣ ገበሩ ሐር የመሰለ፣ ትከሻው ላይ በተፈጥሮ የሌለኝን ትከሻ የጨመርሁበት። ባለቤቴ ስታየው "ማነው የሞተው?" ነበር ያለችው። ቅናት ነው ብዬ አለፍሁት። ልብሱን የምለብስበት ትልቅ ቀን እስኪመጣ በላስቲክ ሸፍኜ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀልሁት።

ትልቁ ቀን በስልክ መጣ። ያኔ ምናለ ከአምባ ጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። እዚያው ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነችውን ትርንጎን ወድዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። አስቸጋሪው አባትየው ነበሩ። አያ ጌጡ ይባላሉ፤ ገበሬ ናቸው፤ ቀበሌው ውስጥ ጥርሳቸውን ያየ ሰው የለም ይባላል። እኛም በእርጋታ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ወግ ባለው መንገድ ሽማግሌ ልንልክ አስበን ነበር።

"ጋሼ" አለ ምናለ በስልክ፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፤ "ከአዲ አርቃይ ሽማግሌ እየመጣባት ነው።"

"ለማን?"

"ለአንድ ነጋዴ ልጅ። ሁለት አይሱዙ አለው።"

"መቼ ነው የሚመጡት?"

"ነገ።"

ምናለ ያለው ንብረት አንድ ብስክሌትና አንድ አጉሊ መነጽር ነው። ስለዚህ ወግ ባለው መንገድ የሚለው ነገር ቀረ።

አባቱ ስለሞቱ ኃላፊነቱ የእኔ የአጎቱ ነው። በዚያው ምሽት ሁለት ሽማግሌ ለመንሁ። አንደኛው አያ ደሴ ናቸው፤ የሰፈራችን አስታራቂ። የሚያስታርቁት ሰው ካጡ ሁለት ሰላማዊ ጎረቤቶችን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠው የድሮ ነገር እያነሡ የሚጠባበቁ ሰው ናቸው። ደረታቸው ላይ የሚወርድ ነጭ ጢም አላቸው፤ ግማሹን ጠብ የሚያበርደው ጢማቸው ነው። ሁለተኛው የነፍስ አባታችን መምሬ አለልኝ ናቸው። ብዙ አይናገሩም፤ መኪና ውስጥ ከተቀመጡ ደግሞ ሞተሩ ሳይነሣ ይተኛሉ።

ጠዋት ሱፌን ለበስሁ። ባለቤቴ ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ልጅቷን የምታገባት አንተ ነህ?" አለችኝ። አሁንም ቅናት ነው ብዬ ወጣሁ።

በዚያ ዘመን የደባርቅ መንገድ ለአስፓልት ይቆፈር ነበር። የተሳፈርንበት ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስን አለፍ ብሎ ትንሽ እንደሄደ ቆመ። መንገዱ መሐል አንድ ግሬደር ተገትሯል፤ ሹፌሩ ምሳ ሊበላ ሄዷል አሉ። ገና ረፋድ ነበር። አንዳንድ ሰው ምሳውን ቁርስ ላይ ጀምሮ ማታ ነው የሚጨርሰው፤ ሰውዬው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚህ ጊዜ ነው አንድ ነጭ ላንድክሩዘር አቧራውን እያጨሰ በሌላ በኩል ቁልቁል ወደ ቀበሌው ሲታጠፍ ያየሁት። ከደባርቅ አቅጣጫ ነው የመጣው። በመስኮቱ ነጭ ኩታ ይታያል።

"እነሱ ናቸው" አልሁ።

"ልንቀደም ነው" አሉ አያ ደሴ።

መምሬ አለልኝ ተኝተዋል።

እዚህ ላይ አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ ይህን ወግ አልጽፍም ነበር። ግን ባለፈው ግንቦት ምናለን ልጠይቅ መጥቼ ሳለ በእግር ያለፍንበት አንድ መንገድ ትዝ አለኝ። ከተሜ አንድ ጊዜ ያየውን የገጠር መንገድ ያወቀው ይመስለዋል። "አቋራጭ አውቃለሁ" አልሁ። እነዚህ ሁለት ቃላት የስንቱን ሰው ሕይወት እንዳበላሹ የሚያጠና ቢኖር ጥሩ ነበር።

መምሬን ቀስቅሰን ወረድን። መጀመሪያ ላይ መንገዱ እውነትም መንገድ ነበር። የገብስ ማሳ ዳር ዳሩን ይዘን ሄድን፤ አጫጆች አጎንብሰው ከማሳው መሐል ሰላም አሉን፤ አያ ደሴ እየቆሙ መረቁ። ከዚያ አንድ ሰፊ ማሳ ጋ ደረስን። ግንቦት ላይ ባዶ መሬት ነበር፤ ኳስ የሚያጫውት። አሁን ኅዳር ነው። ማሳው ጦም ያደረ ነው፤ ሳይታረስ ከርሞ እስከ ደረት የሚደርስ አረም ወርሶታል። ከማዶ ግን ያኔ ምናለ በሩቁ ያሳየኝ የአያ ጌጡ ቤት ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ ይታያል። ዙረን እንሂድ ብንል ሩቅ ነው፤ ላንድክሩዘሩ ደግሞ በዋናው መንገድ እየወረደ ነው።

"ይኸ ነው አቋራጩ?" አሉ አያ ደሴ።

"መሐሉ ላይ ይከፈታል" አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም።

መሐሉ ላይ አልተከፈተም። መሐሉ ላይ ባሰበት። እኔ ፊት ሆኜ አረሙን በእጄ እየከፈልሁ ገባሁ፤ አያ ደሴ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተከተሉኝ፤ መምሬ አለልኝ ከኋላ ሆነው በግዕዝ የሆነ ነገር ያጉረመርማሉ፤ ጸሎት ይሁን እርግማን አልጠየቅሁም። አረሙ ሁሉ ጭጎጊት ኖሯል፤ ሲለጠፍ ግን ምንም ዓይነት ሕመም የለውም። ጭጎጊት እንደ ሳማ አይለበልብም፣ እንደ እሾህ አይወጋም። በጨዋነት ነው የሚይዘው። እኔም እስክንወጣ ድረስ የተሰማኝ ልብሴ ትንሽ ከበድ ማለቱ ብቻ ነበር፤ ጥሩ ሱፍ ነው፣ ክብደት አለው ብዬ ኮራሁ።

ማዶ ወጥተን እርስ በርስ ተያየን።

የአያ ደሴ ነጭ ጋቢ ከወገብ በታች ነጭ መሆኑ ቀርቷል። ሰው የለበሰውን አሮጌ የጃርት ቆዳ አስቡ። መምሬ አለልኝ አጎንብሰው ስለተራመዱ ጥምጥማቸው ላይ ሳይቀር ሰፍሮባቸዋል። እኔን ግን አትጠይቁኝ። ሱፍ ማለት ያው የበግ ጠጉር ነው፤ ጭጎጊቱ ለበግ የተዘጋጀውን ሁሉ እኔ ላይ አፈሰሰው። ከጫማዬ ክር እስከ ደረት ኪሴ ድረስ ባዶ ቦታ አልተወም። ሐር የመሰለው ገበር እንኳ አልቀረለትም፤ ኮቱን ሞቆኝ ከፍቼው ነበር።

"ግንቦት ላይ ሸጋ መንገድ ነበር" አልሁ።

"እንግዲያው ግንቦት ድረስ እንጠብቃ" አሉ አያ ደሴ።

መልቀም ጀመርን። ከኮቴ ላይ አንዱን ስነቅለው ጣቴ ላይ ይቀመጣል። ከጣቴ ላይ በሌላው እጄ ስነቅለው ሌላው እጄ ላይ ይዛወራል። ላራግፈው ስል እጅጌዬ ላይ ተመልሶ ከዘመዶቹ ጋር ይገናኛል። የልብስ ሙያ አለኝ ባይ ነኝና "ጨርቅን በጨርቅ ማሸት ነው" ብዬ ኮቴን ከአያ ደሴ ጋቢ ጋር አሸሁት። ለመላቀቅ ብዙ ደከምን። አያ ደሴ ትዕግሥታቸው አልቆ ከጋቢያቸው ጫፍ ላይ በጥርሳቸው ሊነቅሉ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ጢማቸው ውስጥ ገብቷል።

"ተዉት" አሉ መምሬ አለልኝ፤ በዚያ ቀን በአማርኛ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ነው። "ሰዎቹ ደርሰዋል።"

እውነትም ላንድክሩዘሩ የአያ ጌጡ አጥር ጋ ቆሟል።

ግቢው ስንገባ የአዲ አርቃይ ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆመዋል። አለቃቸው አቶ ይርጋ የሚባሉ ወፍራም ሰው ናቸው፤ ጥለቱ የሚያብረቀርቅ አዲስ ኩታ ለብሰዋል፤ ሽቷቸው ከእሳቸው ቀድሞ ነው የተቀበለን። እኛን ሲያዩ ፊታቸው ላይ የታየውን ነገር ለመግለጽ አልሞክርም። ምጽዋት ፈልገን የመጣን መስሏቸው ይመስለኛል፤ አንዱ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ነበር።

አያ ጌጡ ወጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወገባቸውን በመቀነት ያሰሩ ሰው ናቸው። ሁለቱንም ወገን ተራ በተራ አዩ።

"ሁለት ቤት ሽማግሌ ባንድ ቀን" አሉ። "ልጄ እንዲህ መፈለጓን አላወቅሁም ነበር። ግቡ።"

ገባን። ገብተንም ቆምን፤ ሽማግሌ ጉዳዩን ሳይጠየቅ አይቀመጥም። አቶ ይርጋ "ለጉዳይ ነው የመጣን፤ ሳንጠየቅ አንቀመጥም" አሉ። አያ ደሴም እንዳይበለጡ ያንኑ በረዘመ ንግግር ደገሙት።

"ቆማችሁ ቤቴን አጨለማችሁት" አሉ አያ ጌጡ። "ተቀመጡና ትናገራላችሁ።"

ቤቱ ትንሽ ነው፤ እኛ ብዙ ነን። አጎዛ የተነጠፈበት መደብ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እኔ የደረሰኝ ቦታ ከአቶ ይርጋ ጎን ነበር፤ ትከሻ ለትከሻ፣ ጭን ለጭን። ወፍራም ሰው ከጎንህ ሲቀመጥ የሚሰጥህን ሙቀት አጣጣምሁ።

አቶ ይርጋ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ሊናገሩ ብድግ አሉ። እኔም አብሬ ተነሣሁ።

ወድጄ አይደለም። ኩታቸው ከኮቴ ጋር ከትከሻ እስከ ወገብ ተሰፍቷል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጥብቅ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። ቁጭ ልበል ብል እሳቸው ይጎተታሉ፤ ቆሜ ልቅር ብል ምክንያት የለኝም። በዚያ ላይ ከኋላዬ ቀዝቃዛ ነፋስ ሳይሆን ሞቃት ነገር ተሰማኝ፤ አጎዛው ከመቀመጫዬ ጋር ተነሥቶ እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል።

"አንዱ ይናገር" አሉ አያ ጌጡ። "ምነው ሁለታችሁ ተነሣችሁ?"

"እሳቸው ይናገሩ" አልሁ። "እኔ እያጀብኋቸው ነው።"

ከጓዳው መጋረጃ በስተጀርባ የሴት ሳቅ ተሰማና ወዲያው ታፈነ። አያ ጌጡ ወደ ጓዳው ዞር አሉ፤ ሳቁ ሞተ።

አቶ ይርጋ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ክንዳቸውን መነጨቁ። ሰውዬው ጉልበት አላቸው፤ ኩታው ግን የፈትል ነው። ጥለቱ ከጫፉ ተተርትሮ የወርቅማ ክሩ ረዘም ብሎ በኮቴ ላይ ቀረ። "የናዝሬቱ ኢየሱስ!" አሉ አንድ ጊዜ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አጡ። ለንግግር ያዘጋጁት ነገር ሁሉ ከራሳቸው ሲወጣ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

አያ ደሴ ይህን እንደ መልካም አጋጣሚ ቆጠሩት። ተፎካካሪ ዝም ሲል መናገር ነው። ተነሡ፤ ወግ ነውና አንገታቸውን በትሕትና ደፉ፤ "ከላይ እግዚአብሔርን፣ ከታች እናንተን ይዘን" ብለው ጀመሩ። ቀና ሊሉ ሲሉ ግን ጢማቸው ጋቢያቸውን ያዘ። ቀስ ብለው ሞከሩ፤ እንቢ አለ። ሳብ አደረጉት፤ አመማቸው። ስለዚህ ደረታቸውን እያዩ ቀጠሉ፤ የልጁን ትምህርት፣ የቤተሰቡን ጨዋነት፣ ዘር ማንዘሩን ሁሉ ለገዛ ሆዳቸው ተናገሩ። ሕመሙ በረታና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ምነው አባቴ፣ ያለቅሳሉ?" አሉ አያ ጌጡ።

"ጉዳዩ ከባድ ስለሆነብኝ ነው" አሉ አያ ደሴ ቀና ሳይሉ።

በዚህ ጊዜ የትርንጎ እናት ወይዘሮ ጥሩሰው ከጓዳ ወጡ። አያ ደሴን አዩ፣ የመምሬን ጥምጥም አዩ፣ እኔንና አጎዛዬን ዙሪያዬን ዞረው አዩ።

"እነዚህ ሰዎች በታች ማሳ ነው የመጡት" አሉ ለባላቸው።

 አያ ጌጡ ፊታቸው ተለወጠ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም። ሰው ገላውን ሲታጠብ እንግዳ የገባበት ነበር የሚመስሉት።

"በኔ ማሳ?" አሉ ቀስ ብለው።

ማሳው የእሳቸው መሆኑን ማንም አልነገረንም። የበኩር ልጃቸው ነበር የሚያርሰው። ልጁ ሰሊጥ አጨዳ ብሎ ሑመራ ወረደ፤ እዚያው ቀረ። አልፎ አልፎ ይደውላል፤ መጣሁ ይላል፤ አይመጣም። እሳቸው ደግሞ ወገባቸው ከታመመ ወዲህ ሞፈር መያዝ ተስኗቸዋል። ለሰው እንዳይሰጡት ልጁ ይመጣል። እንዳያርሱት አቅም የለም። ማሳው ሁለት ክረምት ሙሉ እንዲሁ ከርሟል፤ እሳቸውም በዚያ በኩል ሰው እንዲያልፍ አይወዱም። ይህን ሁሉ የሰማነው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ያየነው አንድ ኩሩ ገበሬ ዓይኑን መሬት ላይ መትከሉን ብቻ ነው።

አቶ ይርጋ ኩታቸውን እያዩ ነበርና የሰውየውን ፊት አላዩም። "መሬት እንዲህ ከሚሆን ምርቱን እኩል ለሚካፈል ሰው ቢሰጡት ምን ነበረበት" አሉ፤ "አሁን ይኸ የገበሬ ማሳ ነው? የቀበሮ ቤት እንጂ።"

ከእሳቸው ጋር ከመጡት አንዱ በክርኑ ጎሸም አደረጋቸው። ዘግይቷል።

 ወይዘሮ ጥሩሰው ናቸው ነገሩን የቀየሩት። "ሰዎቹ እንዲህ ሆነው አይቀመጡም" አሉ። "ልብሳችሁን አውልቁና ስጡን፤ እንለቅመዋለን። ለእርስዎም እንለቅምልዎታለን፣ ጌታዬ፤ ጥለቱንም በመርፌ እንይዝልዎታለን።"

"እኔ ልብሴን የማወልቅበት ምክንያት የለኝም" አሉ አቶ ይርጋ። "መኪናው ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ሳይመሽ ሊማሊሞን መውረድ አለብን። መልሱን አሁን ብንሰማ።"

"እንግዳ ቤቴ ውስጥ ራቁቱን ሆኖ እኔ ስለ ልጅ አልነጋገርም" አሉ አያ ጌጡ። "የእነሱ ልብስ ይለቀም። ከዚያ እነጋገራለሁ።"

"እስኪለቀም ይመሻል።"

"ይምሽ።"

አቶ ይርጋ ዙሪያውን ተመለከቱ። ከዚያ ተነሡ፤ ጓደኞቻቸውም ተነሡ። በሩ ላይ ዞር ብለው ሌላ ቀን እንደሚመለሱ ተናገሩ፤ አያ ጌጡ በደህና ግቡ አሏቸው። ትንሽ ቆይቶ የላንድክሩዘሩ ድምፅ ራቀ። ጥቂት ጭጎጊት ይዘው ሄደዋል፤ ምናለ ቢሰማ ደስ ይለዋል፣ ፍሬው አዲ አርቃይ ደረሰ ማለት ነው።

እኛም ልብሳችንን አወለቅን። መምሬ አለልኝ በክብር አንድ ንጹሕ ጋቢ ተሰጣቸው። አያ ደሴ ብርድ ልብስ ደረሳቸው፤ ጢማቸው ከጋቢው እስኪላቀቅ ግን ጋቢውንም ታቅፈው መቆየት ነበረባቸው። እኔ የደረሰኝ የወይዘሮ ጥሩሰው ነጠላ ነበር። የእኔን እግር ያላየ ሰው ነጠላ ይበቃዋል ሊል ይችላል። ጉልበቴ ጋ አለቀ። ባለሱፉ፣ ባለትከሻው፣ የአራዳው ሰው፣ ሁለት ክብሪት የመሰሉ እግሮቹን አጣጥፎ ከቤቱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። ዶሮዎቹ እንኳ ቆም ብለው አዩኝ።

"አያ ደሴ" አልኋቸው በሹክሹክታ፤ "ነገሩ ተበላሽቷል። አገር ሳይስቅብን ቀስ ብለን እንሂድ።"

"በምን ሱሪ?" አሉኝ።

አሰብሁበት። ሱሪዬ ከማዶ በኩል በወይዘሮ ጥሩሰው ጭን ላይ ነበር።

ለቀማው ተጀመረ። እናትየው ነበሩ፣ ሁለት ጎረቤቶች መጡ፣ ትርንጎም ከጓዳ ወጥታ ተቀላቀለች። ሳቂዋ እሷ እንደነበረች ከዓይኗ ያስታውቃል፤ እኔን ባየች ቁጥር ከንፈሯን ትነክሳለች። ትንሽ ቆይቶ አያ ጌጡ ራሳቸው አንድ በርጩማ ስበው መጡና ኮቴን አንሥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ሽማግሌ ሆኜ የሄድሁበት ቤት አባወራ፣ የትርንጎ አባት፣ ከእጅጌዬ ላይ ጭጎጊት ሲለቅሙ ባየሁ ጊዜ ነጠላው ይበልጥ አጠረብኝ።

ሰው እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። ስለ ልጃቸው የነገሩን ያኔ ነው፤ ስለ ወገባቸውም። አያ ደሴ ምክር ሊሰጡ ጀምረው ጢማቸው ቆነጠጣቸውና ተዉት። ዝም ብለን ሰማን። ሽማግሌ ሆነን በሄድንበት ሁሉ እንዲህ ዝም ብለን ሰምተን አናውቅም።

"የእናንተ ልጅ ምንድን ነው የሚሠራ?" አሉ አያ ጌጡ፣ ኮቱን እያገላበጡ።

"መምህር ነው" አልሁ። "የባዮሎጂ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ስለ ዕፅዋት፣ ስለ እንስሳት ያስተምራል።"

"ተማሪዎቹን ይዞ ማሳው ዳር ይመጣል" አለች ትርንጎ ቀና ሳትል። "አበባና ፍሬ ያሳያቸዋል።"

አያ ጌጡ መልቀማቸውን አቆሙ። "ያ ማሳዬ ዳር ተንበርክኮ አረም በመስታወት የሚያይ ልጅ?"

አንገታችንን ነቀነቅን። እሱ ነው። ሌላ ማን ይሆናል።

"እኔ አእምሮው የታወከ መስሎኝ" አሉ። "ዘመድ ቢኖረው ጠበል ውሰዱት ልል ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ምን ጠፍቶህ ነው ብለው፣ ምንም አልጠፋብኝም አባባ፣ ሸጋ ማሳ አለዎት፣ እንዲህ ያለ ብዙ ዓይነት ተክል ያለበት ቦታ አይቼ አላውቅም አለኝ። ያፌዘብኝ መስሎኝ በዱላ ልለው ምንም አልቀረኝ።"

"አላፌዘም" አልሁ። "ችግሩ ሁልጊዜም የምሩን መሆኑ ነው።"

አያ ጌጡ ኮቱን እንደያዙ ለረጅም ጊዜ ወደ ታች ማሳ አዩ። ከዚያ፣ ዞር ሳይሉ፣ "ትርንጎ" አሉ፤ "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ልጅቷ ሱሪዬን ከእናቷ ጭን ላይ አነሣችና ጠቅልላ ጉያዋ ውስጥ ያዘችው።

"እሽ ካላልህ" አለች፤ "ሱሪያቸውን አልሰጣቸውም።"

ጎረቤቶቹ ፊታቸውን አዞሩ። ወይዘሮ ጥሩሰው "አንች ልጅ" አሉ። እኔ እግሬን ሰበሰብሁ። አያ ጌጡ ልጃቸውን አዩ፣ ሱሪውን አዩ፣ እኔን አዩ። እኔን ሲያዩ ነው አፋቸው ከዳር የተንቀሳቀሰው። ጥርስ አላቸው፤ አይቻለሁ። በወሬ ከሚባለውም በላይ ጥሩ ጥርስ ነው።

"ከጥምቀት በኋላ ኑና ቀን እንቆርጣለን" አሉ። "ልጁንም ይዛችሁት ኑ። ማሳው ላይ ያለውን ሁሉ አይቶ ሲጨርስ አንድ ጥማድ በሬ ይዞ ይምጣና እናያለን፤ መስታወቱን እቤቱ ትቶ።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልብሳችን ተመለሰልን። ልብስ ነው ብዬ እንዳልዋሽ ሙያዬ ይከለክለኛል። አያ ደሴም ከጢማቸው ጫፍ ትንሽ ተቆርጦላቸው ተላቀቁ። አያ ጌጡ ወገባቸው እያመማቸው እስከ ዋናው መንገድ ሸኙን፤ ዙሪያውን ባለው መንገድ ነው የወሰዱን። መንገዱ ዳር ደረስንና የሚያሳፍረን መኪና እየጠበቅን ቆምን።

"እውነቱን ልንገራችሁ" አሉ አያ ጌጡ። "ጧት እነዚያ ሲመጡ እሽ ልላቸው አስቤ ነበር። ሀብት አላቸው፤ ልጄ አትቸገርም። ግን ሰው ለጥቂት ሰዓት መቀመጥ ሲያቅተው አየሁ። እናንተ ደግሞ እንደዚያ ተዋርዳችሁ፣ ብርድ እየበላችሁ፣ አንድ ቃል ሳትናገሩ፣ እንሂድ ሳትሉ ተቀመጣችሁ። ትዕግሥት ያለው ዘመድ ነው የምፈልገው አልሁ በልቤ።"

መምሬ አለልኝ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። አያ ደሴ እግራቸውን ረገጡባቸው። እኔ ሱሪዬ እጄ ላይ ቢኖር ኖሮ ከአቶ ይርጋ ቀድሜ ላንድክሩዘሩ ላይ እወጣ እንደነበር ለመናገር ይህ ተስማሚ ጊዜ አልመሰለኝም። ከማዶ በኩል አንድ ድንጋይ የጫነ መኪና መብራቱን አብርቶ ብቅ አለ፤ ሦስታችንም ባንድ ላይ እጃችንን አውጥተን አስቆምነው።